ዋጋው ጨመረ ወይስ ጨመሩት?

ስለ እንግሊዝኛ ችሎታችን ሲነሳ ግቢያችን ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የዛሬ ተማሪ እንግሊዝኛ አይችልም» የሚለው የታላላቆቻችን እሮሮ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ዋናው መግባባት ነው፤ ሰዋስው ምን ያደርጋል» የሚለው የእኛው የተማሪዎቹ መልስ ነው። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ታላላቆቻችን በደፈናው ነው የሚወቅሱን፤ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አይነግሩንም። የእኛም መልስ ለሻይ ቤት ጨዋታ ይሆን እንደሆን እንጂ ለዜና አይሆንም። ዜና ውስጥ አንድ ግስ ሲሳሳት የሚበላሸው የጸሐፊው ማርክ ብቻ አይደለማ! ያላጠፋ ሰው አጥፊ ይሆናል፣ ያበደረው ተበዳሪ ይሆናል።

ስለ ሰዋስው በሙሉ ለመጻፍ አልተነሳሁም። ስለ ግስ ብቻ ነው የማወራው፤ ያውም በአማርኛ ሲፈቱ አንድ መስለው ስለሚታዩ፣ ተማሪውን ስለሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ግሶች።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብዛኞቻችን የእንግሊዝኛ ቃል ያጠናነው የደብተር ገጽ ለሁለት ከፍለን ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። «ሴይ» አለ፣ «ቴል» ነገረ፣ «ስፒክ» ተናገረ፣ «ቶክ» አወራ። ይሄ ደብተር ለስም ጥሩ ነው። ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው፤ ላምም ላም ናት። ግስ ግን ብቻውን አይቆምም። ማን አደረገው? ምን ላይ? ለማን? የሚል ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ለሁለት የተከፈለው ደብተር ደግሞ ለጥያቄዎቹ ቦታ የለውም።

«ሴይ»ን እንውሰድ። ከእኛ አገር ተማሪ አፍ «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ስህተት የማይጠፋው ለምን ይመስላችኋል? ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አማርኛችን «አለኝ» ስለሚል ነው። «ና አለኝ»፣ «ቆይ አለችኝ» ስንል ግሱ ሰሚውን ራሱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል። የእንግሊዝኛው «ሴይ» ግን እንዲህ መሸከም አይችልም፤ ሰሚውን መጥቀስ ካስፈለገ መሃል ላይ «ቱ» መግባት አለባት። ሰሚውን በቀጥታ የሚቀበለው «ቴል» ነው። እንግዲህ ይህን የጻፈው ልጅ አማርኛውን ቃል በቃል፣ በታማኝነት ነው ያሻገረው። ወረቀቱ ላይ በቀይ አስምሮ ማርክ ከመቀነስ ይልቅ «እየው፣ የእኛ ‹አለ› ሰሚውን ይሸከማል፣ የእነሱ አይሸከምም» ብሎ አንድ ጊዜ ማስረዳት ይበልጣል ባይ ነኝ። «ስፒክ» እና «ቶክ» ብዙ አያስቸግሩም። ሚኒስትር መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል፣ ጓደኛሞች ካፌ ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ እንግሊዝኛውም በአብዛኛው እንደዚያው ስለሆነ እንለፋቸው።

ይልቅ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ረቅቆ የሚገኝበት ቦታ አለ። ይሄ ደግሞ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገረንም። «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚባሉትን ግሶች አምታትቶ የማያውቅ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። በአማርኛ ግን «ተበደረ» እና «አበደረ»ን የአምስት ዓመት ልጅም አያምታታም። «ተ» ካለች ተቀባዩ ነው፣ «አ» ካለች ሰጪው ነው። «ተከራየ» እና «አከራየ»፣ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንዲያውም እኛ አንድ ተጨማሪ ነገር እንለያለን። ጎረቤታችን ጨው ሲያልቅባት «ጨው አበድሪኝ» ትላለች፤ ወንፊት ስትፈልግ ግን «ወንፊት አውሺኝ» ነው የምትለው። ጨዉ ይበላል፤ ሲመለስ ሌላ ጨው ነው የሚመለሰው። ወንፊቱ ግን ራሱ ይመለሳል። እንግሊዝኛው ለጨዉም ለወንፊቱም ያው «ቦሮው» እና «ሌንድ» ነው። «ሬንት» የሚባለው ግስማ ጭራሽ ተከራዩንም አከራዩንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል!

ታዲያ ይሄን ሁሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚለይ ልጅ ሁለት ግስ እንዴት ያቅተዋል? ያቃተው ግሱ አይመስለኝም። ደብተሩ ላይ ሁለቱም «ብድር» ተብለው ስለተጻፉ ነው። «ቦሮው» ከ«ተበደረ» እና ከ«ተዋሰ» ጎን፣ «ሌንድ» ደግሞ ከ«አበደረ» እና ከ«አዋሰ» ጎን ቢጻፉ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ዜና ላይ ሲመጣ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ ባንክ ለገበሬዎች ማኅበር ገንዘብ አበደረ ለማለት ታስቦ «ቦሮው» ተብሎ ቢወጣ ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ቦታ ተለዋወጡ ማለት እኮ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቆምበት የምፈልገው ግን «ራይዝ» እና «ሬይዝ» ላይ ነው። የመጀመሪያው «ተነሳ፣ ከፍ አለ» ነው፤ ሁለተኛው «አነሳ፣ ከፍ አደረገ»። እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ጥቂት አሉት። «ሲት» እና «ሴት» እንደኛ «ተቀመጠ» እና «አስቀመጠ» ናቸው። «ላይ» እና «ሌይ» ደግሞ «ተኛ» እና «አስተኛ»። እንግሊዝኛ የመጣባቸው የጥንቶቹ የጀርመን ወገን ቋንቋዎች ከአንድ ግስ ሌላ አስደራጊ ግስ የሚያወጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ሥርዓቱ ከጊዜ ብዛት ሞተና ጥንዶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ስለዚህ ለእንግሊዞቹ ለራሳቸውም እነዚህ ቃላት ዘመድ አዝማድ እንደሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ «ላይ» እና «ሌይ»ን ተወላጆቹም ያምታቷቸዋል። የ«ላይ» ያለፈ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ሆኖ ማረፉ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። በእኛ ቋንቋ ግን ሥርዓቱ ዛሬም በሕይወት አለ። በላ፣ አበላ፣ አስበላ፤ ወጣ፣ አወጣ፣ አስወጣ እያልን በየደቂቃው እንጠቀምበታለን። በዚህ በኩል የአማርኛ ተናጋሪ ከማንም የተሻለ መነሻ አለው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ወጥመዱም የራሳችን ነው። «ጨመረ» የሚለው ግስ ያለ «ተ»ም ያለ «አ»ም በሁለቱም በኩል ይሠራል። «ዋጋው ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። ግሱ ያው ነው፤ አድራጊው ግን በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። ታክሲ ውስጥ «ነዳጅ ጨመረ» ሲባል ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ረዳቱም ታሪፉን ለማስተካከል አይዘገይም። ግን ማነው የጨመረው? ነዳጅ እንደ ክረምት ወንዝ በራሱ አይሞላ! በአገራችን የነዳጅ መሸጫ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ለማንሳት በተጀመረው አሠራር ዋጋው ተደጋግሞ ተከልሷል።

እንግዲህ ይህን ዜና በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ መምረጥ ግድ ይለዋል። «ራይዝ» ካለ ዋጋው በራሱ ወጣ። «ሬይዝ» ካለ ግሱ ባለቤት ይጠይቀዋል፤ ውሳኔውን የወሰነውን አካል መጻፍ አለበት። ወሬው የዓለም ገበያ ዋጋ ከሆነ አንድ ሰው ተቀምጦ አልወሰነውምና «ራይዝ» ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ማደያ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ከሆነ ግን «ራይዝ» ብሎ ማለፍ ወሳኙን ከአንባቢ መደበቅ ነው። ሰዋስው ብቻ የሚያርም መምህር ሁለቱንም ትክክል ይላቸዋል። የዘገባ መምህር ግን «ማን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለቱን ደባልቆ «ዘ ፕራይስ ሬይዝድ» የሚለውን ልጅ በተመለከተ ግን እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ «ጨመረ»ን ነው የተከተለው።

ወንጀል ነክ ዜና ላይ ስንመጣ ጉዳዩ ይከፋል። «ስቲል» እና «ሮብ»ን ሁለቱንም «ሰረቀ» ብለን እንፈታቸዋለን። በእንግሊዝኛ «ስቲል» የሚያደርጉት ዕቃን ነው፤ «ሮብ» የሚያደርጉት ሰውን ወይም ቦታን ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ የስልኩ ባለቤት ይዘረፋል እንደማለት። ይሄ የአገባቡ ነገር ነው፤ ከሱ የሚብሰው ግን የኃይሉ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670 ለያይቶ ነው የደነገገው፤ ውንብድና ኃይል ወይም ማስፈራራት ያለበት ነውና ቅጣቱም ይከብዳል። በስርቆት የተጠረጠረን ሰው በእንግሊዝኛ ዜና «ሮበር» ብሎ የጻፈ ሪፖርተር ፖሊስ ያልከሰሰበትን ወንጀል ጨመረለት ማለት ነው። «ኪል» እና «መርደር»ም እንዲሁ ናቸው። «ኪል» የሰው ሕይወት መጥፋቱን ይናገራል፤ መኪናም፣ ጎርፍም፣ ሰውም ይገድላል። «መርደር» ግን አስቦ መግደልን የሚጨምር የሕግ ቃል ስለሆነ ፍርድ ቤት ሳይወስን ጋዜጠኛ ሊወስነው አይገባም። ለዚያ ነው ቃሉ ጠንከር ይልልኛል ብሎ «መርደር»ን የሚመርጥ ተማሪ የሚያሳስበኝ።

አሁን ደግሞ ለእኛ ሙያ እንጀራ ወደሆኑት ግሶች ልምጣ፤ ሰው የተናገረውን የምናቀርብባቸው ማለቴ ነው።

«ዲናይ»ን ደብተራችን «ካደ» ይለዋል። እስቲ አስቡት። «ካደ» በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። እያወቀ አላውቅም ያለ፣ ውለታ የበላ፣ ሃይማኖቱን የተወ ሰው ነው የሚክደው። «ከሃዲ» ተብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። በዜና እንግሊዝኛ «ዲናይ» የሚለው ግን ሰውየው «አይደለም» ማለቱን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ይዋሽ አይዋሽ አይፈርድም። በዜና አማርኛ ለሱ የሚቀርበው «አስተባበለ» ነው። «ሪፊውት» ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው፤ በጥንቃቄ ሲሠራበት የቀረበውን ክስ በማስረጃ ውድቅ አደረገ ማለት ነው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ የአጻጻፍ መመሪያ ይህን ግስ ክርክሩ በእርግጥ ሐሰት መሆኑ ለታየበት ጊዜ ብቻ እንዲያውሉት ጸሐፊዎቹን ያሳስባል። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ሰዎች «ዲናይ» ለማለትም እንደሚጠቀሙበት መዝግበዋል። ለእኔ ይሄ የበለጠ ያስፈራል፤ ጸሐፊው አንዱን አስቦ አንባቢው ሌላውን ሊያነብ ነዋ! አንድ ኃላፊ «ከመጋዘኑ የጠፋ እህል የለም» አሉ እንበል። «ዲናይድ» ብሎ የጻፈ የኃላፊውን ቃል አደረሰ። «ሪፊውትድ» ብሎ የጻፈ ግን መጋዘኑን ቆጥሮ የወጣ መስክሮላቸዋል። «ካዱ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ደግሞ ፈርዶባቸዋል። አንድ ንግግር፣ ሦስት ፍርድ።

«አድሚት»ም እንደዚሁ ነው። «አመነ» የሚለው ቃላችን እምነትንም፣ መተማመንንም፣ ጥፋትን መቀበልንም አንድ ላይ ይዟል፤ እንግሊዝኛው ለየብቻ ግስ አበጅቶላቸዋል። ሹፌሩ «በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ነበር» ብሎ ለፖሊስ ቢናገር፣ በሚነዳበት መንገድ 40 የተፈቀደ ፍጥነት ሊሆን ይችላል። «አድሚትድ» ብሎ የጻፈ ሪፖርተር ግን ያልነበረ ጥፋት ፈጠረበት። «ክሌይም» በተቃራኒው ተናጋሪውን የማናምነው ያስመስለዋል። የኛን «ነኝ ባይ» አስታውሱ፤ «ሐኪም ነኝ ባይ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ችግሩ ብዙ ተማሪ «ክሌይም»ን የሚመርጠው «ሴድ» ስለተደጋገመበት ብቻ መሆኑ ነው። መደጋገም ነውር ነው ብሎ ማን እንዳስተማረን አላውቅም! «ሴድ» አሥር ጊዜ ቢመላለስ አንባቢ ልብ አይለውም፤ አንዴ ያለቦታው የገባች «ክሌይምድ» ግን ሰው ታሳማለች።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ይሄ አመል የመጣው ከአማርኛ ዜናችን ጭምር ነው። ገለጹ፣ አስታወቁ፣ ጠቆሙ፣ አብራሩ፣ አሳሰቡ፣ አስገነዘቡ፣ አረጋገጡ። እንደ ወጥ ቅመም እያፈራረቅን እንበትናቸዋለን። ግን «አስገነዘቡ» ካልን እኮ የተናገሩት እውነት ነው፣ ሕዝቡ አልገባውም ነበር፣ አሁን ገባው ብለናል። «አረጋገጡ» ካልን ማረጋገጫውን አይተናል ማለት ነው። እንግሊዝኛውም ላይ «ፖይንትድ አውት» እና «ኮንፈርምድ» ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። በአማርኛ ሳናስብበት የለመድነውን ስንፍና ተርጉመን ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር «የእንግሊዝኛ ችግር» እንለዋለን። የኢትዮጵያ ሄራልድ በ1935 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የአገራችን ጋዜጠኛ አንዱን ጉዳይ በሁለት ቋንቋ ሲዘግብ ኖሯል፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ነገ እዚያው ነው የምንገባው። ሁለቱን ቋንቋ ለየብቻ መማራችን ለዚህ አያዘጋጀንም።

«አሁን ደግሞ ስልኩ ያርመዋል፣ ምን ያጨናንቅሃል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ያርመዋል። «ሂ ሴድ ሚ» ብትሉት «ሂ ቶልድ ሚ» ብሎ ያስተካክላል፤ «ዘ ፕራይስ ሬይዝድ»ንም ወደ «ሮዝ» ይለውጠዋል። ልብ በሉ፣ ወደ «ሮዝ» ነው የሚለውጠው! ሰዋስዉን አዳነልን፣ ወሳኙን ግን አጠፋብን። ኃላፊው ማስረጃ ያሳዩ ወይስ ዝም ብለው «የለም» ያሉ መሆናቸውን ስልኩ ከየት ያውቃል? እዚያ የነበረው ሪፖርተሩ ነው። «ኤዲተር ያየዋል» የሚለው መልስም ከዚሁ አይለይም፤ ኤዲተሩም ቦታው ላይ አልነበረም።

መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን አገር ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አወጣው። ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የዚያ ልጅ ነው። የሆርንቢ ትልቁ ሥራ እያንዳንዱ ግስ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገባ ማሳየቱ ነው። ወደኛም ሲመጣ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚተረጉመው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በአምስት ዓረፍተ ነገር አምስት የተለያየ አማርኛ ሲያገኝ ታዩታላችሁ። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ መዝገበ ቃላትም ወጥቷል። ዕድሜያቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ነው። እኛ ግን አሁንም ገጽ ለሁለት እየከፈልን ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዜና አጻጻፍ የተግባር ክፍለ ጊዜያችን በሳምንት አንዱ ለዚህ ይሰጠን። ሁላችንም አንድ ጉዳይ፣ የገበያ ዋጋም ይሁን የትራፊክ አደጋ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በአጭሩ እንጻፍ። ከዚያ ወረቀት ተለዋውጠን የጓደኛችንን ግሶች ብቻ እናስምር፤ ጸሐፊውም ቆሞ ለምን «ሬይዝ» እንዳለ፣ ለምን «ዲናይ» እንዳለ ያስረዳ። ምክንያቱ «ጥሩ ስለሚመስል» ከሆነ ግሱ ይውጣ። ማርክ ባይኖረውም ግድ የለም። የእንግሊዝኛ መምህራንና የዘገባ መምህራን አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው የሚያርሙበት መንገድ ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ይሆናል፤ እስካሁን አንዱ «ሚ»ን ሲያወጣ ሌላው «ማን?» ሲል የየራሳቸውን ቀለም ነው የሚያፈሱት። ወጪው ጠመኔና አንድ ሰዓት ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ጉዳይ ቸግሮን እንደሆን የካፍቴሪያው የሻይ ዋጋ ሰሞኑን ጨምሯል፤ ወይም ጨምረውታል።